የሚስ ኖራ እናት ለቅሶ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ብሌን በቪዲዮ ስትደውል፣ ከፊቷ ይልቅ ቀድሜ ያየሁት ከኋላዋ ያለውን በር ነው። ተዘግቷል፤ ቁልፉም ከውስጥ ተሰክቶበታል። እዚያ ታይላንድ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይ እንኳ አልጠለቀችም። በዚህ ሰዓት በር ቆልፎ መቀመጥ ምንድን ነው? ዓይኗም አብጧል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው እማ» አለችኝ። እኔም ጉንፋን ያቀላውን ዓይን ልቅሶ ካቀላው መለየት ያቃተኝ ይመስል፣ ዝንጅብል አፍልታ እንድትጠጣ መክሬ ተሰናበትኳት።

ብሌን እዚያ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከሄደች አራት ወሯ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ልጄ ሰው አገር ሄዳ፣ የእሷም የእነሱም ያልሆነ ቋንቋ ማስተማሯ እስካሁን ይገርመኛል። ያን ቀን ግን ሲያሳስበኝ የዋለው በሩ ነው። እንዲህ ተቆልፎ ከጀርባው የሚለቀስበት በር ከዚህ በፊት አንድ አውቃለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ሚስ ኖራ ለምትባል አስተማሪ አከራየቻት። ከአየርላንድ የመጣች፣ ረጅም፣ ቀይ ጠጉር ያላት ሴት ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው ሲሉኝ ትልቅ ሰው መስላኝ ነበር። ብሌን አሁን ሃያ አራት ናት፤ ለካ ሚስ ኖራም ያኔ ልጅ ነበረች።

የመጣችው በመስከረም ነው። በአገሯ ዝናብ ሲበዛ ሰው ቤቱ ይገባል፤ እኛ ዘንድ ሰው ቤቱ የሚገባው ፀሐይ ሲበዛ መሆኑን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ድሬ ምሳዋን በልታ ስትተኛ እሷ ባርኔጣ አድርጋ በባዶው መንገድ ትንጎራደዳለች፤ ስትመለስ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። እናቴ ጠርታኝ፣ «የሰው ልጅ አደራ ናት፤ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ» አለችኝ። እንዲህ ያለ አደራ ለጭንቀታም ልጅ አይሰጥም። የምትጠጣውን ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ። ሙዟን ሳይቀር ከነልጣጩ በሳሙና አጥብ ነበር።

ጥሩ ጊዜም ነበረን። ጠዋት ትኩስ ፈጢራ በማር ገዝቼላት እንበላለን። ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ፣ የበሰለ አምበሾክ ስታመጣላት ፍሬውን አንድ በአንድ እየተፋች በሰሐኗ ጠርዝ ትደረድራለች። አሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እንግሊዝኛ ታስተምረኛለች። ትምህርት ካቋረጥኩ ጀምሮ እርሳስ ይዘሽ ተቀመጪ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ያቺን አንድ ሰዓት ቀኑን ሙሉ እጠብቃታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብዳቤ ይዛለች። ሰላም ሳትለኝ አለፈችና በሩን ቆለፈችው። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አልወጣችም። ደብተሬን አቅፌ ደጃፏ ቆምኩ። ሰው በቀዳዳ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አደራ ነው፣ አየሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ደብዳቤው ጉልበቷ ላይ ነው፤ በእጇ የእናቷን ፎቶ ይዛለች። ሻንጣዋ መሬት ላይ ተከፍቶ ግማሽ ድረስ ልብስ ተሞልቷል።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«ደብዳቤ መጣላት አልሽኝ?»

«አዎ።»

«የእናቷን ፎቶ ይዛ ታለቅሳለች?»

«አዎ። ልብሷንም እየከተተች ነው።»

«በቃ፣ እናቷ ሞታለች» አለች እናቴ።

ሌላ ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ ሰው ደብዳቤ አንብቦ፣ ፎቶ ይዞ፣ ሻንጣ አውጥቶ የሚያለቅሰው ለመርዶ ነው። እናቴ ነገሩን ለአዴ ፋጡማ በአጥር በኩል ነገረቻት። አዴ ፋጡማም «ወላሂ ብቻዋን አናስለቅሳትም» ብላ ለመንደሩ አዳረሰችው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የማስበው፣ ይቅር ይበለኝና፣ ስለ ሟቿ አልነበረም። ሻንጣው ነበር የሚታየኝ። ለቀብር ሄዳ ትቀራለች፣ በረንዳው ላይ የነበረን ሰዓትም አበቃ እያልኩ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ግቢያችን ሞላ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ የአዴ ፋጡማ ወገኖችም ሻሻቸውን አጥብቀው ሚስ ኖራ ደጃፍ ተቀመጡ። ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣው ጋሽ ተፈራም ኮቱን ለብሶ መጣ። ፈረንሳይኛ ስለሚችል ማጽናናቱ ለእሱ ተሰጥቷል። ከዚያ እናቴ ድምፅ አውጥታ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ሚስ ኖራ በሩን ከፈተች። ጠጉሯ ተንጨባሯል፤ በሌሊት ልብሷ ናት። ያን ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከግቢያችን ሰው የሞተ መስሏታል። በባዶ እግሯ ወጥታ እናቴን አቀፈቻትና አብራት ታለቅስ ጀመር። እናቴ እሷን ታጽናናለች፣ እሷ እናቴን ታጽናናለች። ጋሽ ተፈራ መሐል ገብቶ በፈረንሳይኛ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አንዱም አልገባትም።

በመጨረሻ ዞራ ያየችው እኔን ነው። ማን ሞተ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ያቺን ጥያቄ እችላታለሁ። መልሱንም እችላለሁ።

«ዩር ማዘር» አልኳት።

ፊቷ ላይ የነበረው ቀለም ሁሉ ሲጠፋ አየሁ። ግንቡን ያዘች። ማን ነገረሽ? መቼ? ስልክ ተደወለ ወይ? በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህቺ ሴት ምንም አልሰማችም ነበር፤ መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ ሻንጣው እያልኩ በሁለቱም ቋንቋ ተንተባተብኩ። ገብታ ደብዳቤውን አመጣችው። በእሷ አገር ትናንት ገና ነበር። እናቷ የጻፈችው በበዓሉ ገበታ ላይ የአንቺንም ሰሐን አስቀምጣለሁ ብላ ነው። ሚስ ኖራ የበዓሏን ቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ውላ፣ አንድ ሰው እንኳን አደረሰሽ ሳይላት፣ ይህን አንብባ ነው ያለቀሰችው።

ነገሩን ለሴቶቹ ተረጎምኩላቸው። «ፈረንሳይኛህ ለባቡር ብቻ ነው የሚሠራው አቦ» አለችው አዴ ፋጡማ ጋሽ ተፈራን። ሚስ ኖራ ግን አልሳቀችም። ደብዳቤው የተጻፈው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ አሁንማ እናቷ እንዴት እንዳለች ማን ያውቃል? አንዴ የተጠራ ሞት ከጆሮ አይወጣም። ድምፅዋን ካልሰማሁ አለች።

ቴሌ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብቻዋን ልትሄድ ብትነሳ ማን ሊለቃት። ሁላችንም ነጠላችንን እንደዘቀዘቅን ተከትለናት ሄድን። መንገደኛው ሁሉ ነፍስ ይማር ይለናል፤ እኛ አልሞተችም እንላለን፤ ሰዉም ግራ ገብቶት ያልፋል። ቴሌ ደረጃ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሠራተኛዋ «አየርላንድ፣ ሦስት ቁጥር ግቢ» ብላ ጠራች።

ከስልክ ክፍሉ መስታወት በስተጀርባ ጀርባዋን ነበር የማየው። ቆየ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ሚስ ኖራ ስትዞር ግን እየሳቀች ነው፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። እናቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሳት ኖሯል። አዴ ፋጡማ እልልታውን አቀለጠችው፤ ቴሌው በሙሉ ተናወጠ። በስልኩ ውስጥ ያለችው እናት የምን ጩኸት ነው ብላ ጠየቀች አሉ። ሚስ ኖራም ሊያለቅሱልሽ የመጡ ሰዎች ናቸው አለቻት።

ንፍሮው እንዲሁ አይጣል፤ ተመልሰን ለእሷ የገና በዓል ብለን በላነው። በዚያው ምንጣፍ ላይ እያንዳንዷ ሴት በሩቅ አገር ያለ ሰዋን ማንሳት ጀመረች፤ ጅቡቲ ያለ ባል፣ ጂዳ ያለች እህት። ሚስ ኖራ ቋንቋውን ባትሰማም መሐላቸው ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቃለች። ቀን ላይ ሻንጣውን ባዶውን አየሁት፤ ልብሱ ሚስማሩ ላይ ተመልሷል። ሌሊት ልትሄድ ወስና እንደነበር የነገረችኝ ቆይታ ነው። ሁለት ዓመት አስተማረች። አንዳንድ ቀን በሯን ዘግታ መጽሐፏን ማንበብ እንደምትፈልግ አይቼባታለሁ፤ ነገር ግን እናቴ ከዚያ በኋላ በቀን የተዘጋ በር አታሳልፍም፤ በድንጋይ አስደግፋ ትከፍትላታለች።

በረንዳው ላይ የተማርኳትን ትንሽ እንግሊዝኛ ለብሌን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ እሷን ታይላንድ ያደረሳት ይኸው የበረንዳ ትምህርት ነው ማለት ነው።

ሐሙስ ማምሻውን መልሼ ደወልኩ። ነይ ልላት ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩትና የሚስ ኖራን እናት ለቅሶ አወራሁላት። እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች፤ ከዚያ ያልጠበቅኩትን ያህል አለቀሰች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«እዚህ ሰው በር አይከፍትም እማ፣ ፎቅ ነው» አለችኝ።

«ታች ሾርባ የምትሸጥ ሴት አለች ብለሽኝ አልነበር? እሷ ጋ ወርደሽ ብዪ። ካለቀስሽም እዚያው አልቅሺ።»

ትናንት ደወለች። ከኋላዋ በር የለም፤ ድስት ይንኳኳል፣ ሰዎች ይስቃሉ፣ አንዲት አሮጊት ስልኩ ውስጥ ብቅ ብላ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለችኝ። እኔም በአማርኛ አደራዬን ነገርኳት። ብሌን «እማ፣ ሰው ይጠብቀኛል፣ ቆይቼ ልደውል» ብላ ዘጋችው።

እስካሁን አልደወለችም። አልተጨነቅኩም። ያ የሾርባ ውሃ በደንብ ፈልቶ እንደሆን ብቻ ነው የማስበው።