በቅናት የጻፍሁት የድጋፍ ደብዳቤ

የቅርብ ጓደኛችሁ መልካም ዜና ሲነግራችሁ፣ አፋችሁ «እንኳን ደስ አለህ» እያለ ሆዳችሁ ተቃጥሎ ያውቃል? የእኔ ያውቃል። ባለፈው ማክሰኞ ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን መምህርት የሆነች፣ ቅጽ ይዛ መጣች። ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክት ነው። «ጋሼ፣ ውጤቴ ለጥቂት ነው የሚያልፈው፤ የእርስዎ ደብዳቤ ካልደገፈኝ አይሆንልኝም» አለችኝ። ቅጹን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያ ወዲህ ግን በወጣትነቴ የጻፍሁት ሌላ ደብዳቤ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ነበርሁ። ኃላፊ ያደረጉኝ ዕውቀቴን አይተው አይደለም፣ ወረቀት ስለማይጠፋብኝ ነው። ዕቅዴን በሦስት ቀለም አሰምራለሁ፣ ጠመኔዬን እንኳ በቁመቱ እደረድራለሁ። ጌትነት ይህን አይቶ «አቶ ማስመሪያ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ስሙም ውሎ ሳያድር ተማሪዎች አፍ ገባ።

ጌትነት ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ቤት የተከራየ፣ እንደ እኔው ባዮሎጂ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው። አዲስ አበባም የተማርነው አብረን ነው። የሁለታችንም ውጤት የሚያኮራ አልነበረም። የእሱ የወረደው ሁለተኛ ዓመት ላይ ወባ ጥላው ስለ ከረመች ነው። የእኔ ምክንያት ለመናገርም ያሳፍራል፦ ደብተሬን እንደገና እየገለበጥሁ ሳሳምር ፈተናው ይደርስብኝ ነበር። ቢሆንም የእኔ ውጤት ከእሱ በቅንጣት ትበልጣለች። ያችን ቅንጣት እሱ ረስቷት ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ርስት ይዣት ኖርሁ።

ያስቀናኝ ማስተማሩ ነው። በእኔ ክፍል ዝንብ ስትበር ትሰማለች። የእሱ ክፍል ገበያ ነው። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ሕይወት ያለው ቆረሶ በባልዲ ይዞ መጥቶ፣ የዓሣውን ስንጥብ እያሳየ «እንዴት እንደሚተነፍስ እዩት!» ይላል። መስከረም ላይ፣ ጣና ሞልቶ ደንገሉን እስከ ወገቡ ሲያጠልቀው፣ ተማሪዎቹን ጫማ አስወልቆ ውኃው ውስጥ ያቆማቸዋል። በማግስቱ የእኔ ተማሪዎች «ቲቸር፣ እኛስ ሐይቅ የምንወርደው መቼ ነው?» ይሉኛል። ያንን ስንጥብ እኔ በሰሌዳው ላይ በሦስት ቀለም ስዬላቸው ነበር እኮ!

በሚያዝያ ወር፣ ማንጎው ከየግቢው አጥር በላይ በተንጠለጠለበት ሙቀት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት የሚፈልግ እንዲመዘገብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ነገሩ እንዲገባችሁ አሠራሩን ላስረዳ። አመልካቹ ከውጤቱ ሌላ የመሥሪያ ቤቱ ድጋፍና «ይለቀቃል» የሚል ወረቀት ያስፈልገዋል። ዳይሬክተራችን ደግሞ ከአንድ ትምህርት ክፍል ከአንድ ሰው በላይ አልለቅም አሉ። እኔ ማመልከቻዬን በንጹሕ እስክገለብጥ ጌትነት በዚያው ቀን አመለከተ። ለማመልከት ማሰቤን ለማንም አልተናገርሁም ነበርና፣ ዳይሬክተሩ ጠርተው «ኃላፊው አንተ ነህ፤ በጌትነት ላይ ያለህን አስተያየት ጽፈህ አምጣ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ጌትነት ግቢው ውስጥ እያፏጨ ሸሚዙን ያጥባል። «ክፍሉ ይረብሻል፣ ያረፍዳል» ብል ቅናቴ ይታወቅብኛል። ስለዚህ የተሻለ መላ መታሁ፤ በጣም አሞግሰዋለሁ። ደህና የሚያርስ በሬ በእርሻ ወቅት ማን ይፈታል? ትምህርት ቤቱ ያለ እሱ እንደማይሆን አድርጌ ከጻፍሁ ይቀራል፣ ተራው የእኔ ይሆናል።

ያለ ማስረጃ መጻፍ አልችልምና ማስረጃ ፈለግሁ። የባልዲውን ዓሣ ጻፍሁ። በክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰባታሚት በምትባል የገጠር ቀበሌ አብረን ስንዘምት ያየሁትንም ጻፍሁ። እኔ የፊደል ገበታዬን ሰቅዬ ሳስረዳ ገበሬዎቹ ያንጎላጁ ነበር። እሱ ግን አንድን ሽማግሌ «አባባ፣ የበሬዎችዎ ስም ማን ይባላል?» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ብቻ ይፈርሙ የነበሩ ሰው፣ መጀመሪያ «ቡሬ»ን፣ ቀጥለው «ዳማ»ን፣ በመጨረሻ የገዛ ስማቸውን ጻፉ። ገጹ ሞላ። ግርጌው ላይም ወጥመዴን አስቀመጥሁ፦ «የሚተካው ስለማይገኝ፣ ለጊዜው እንዳይለቀቅ አሳስባለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። በስብሰባ «ጓድ መርሻ»፣ በቢሮ «ጋሽ መርሻ» የምንላቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ይኼ ሁሉ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ አንድም የጨመርሁት የለም።»

«እኔስ ውጤቱን አይቼ ላስቀረው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀርቼ ታዲያ ማንን ልላክ?»

ቀይ እስክሪብቶ አነሡና የመጨረሻዋን መስመር ሰረዟት። ታይፒስቷን ጠርተው «ይኼን ምቺልኝ፤ እዚህ ላይ ስትደርሺ አቁሚ» አሏት። ወረቀቱ ተመትቶ ሲመጣ «በል ፈርም» አሉኝ። ፈረምሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች የተጣመመች ፊርማ ፈርሜ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጌትነት በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ቆረሶ ይዞ ገባ።

«አቶ ማስመሪያ፣ ብላ! አልፌያለሁ!»

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመግቢያ ፈተና ስሄድ አንደኛው መምህር ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ውጤትህን አይተን ጥለንህ ነበር፤ ደብዳቤውን ስናነብ መልሰን አነሣንህ።› ያንተን ደብዳቤ እኮ ነው!»

አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሱ ጀርባዬን እየመታ ይስቃል፤ እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ያችን ቅንጣቴን አስባለሁ። ከእሱ የምበልጠው እኔ፣ በገዛ እጄ ጽፌ እሱን አሳለፍሁት!

መስከረም ላይ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ሲታሰር ወደ እኔ ዞር አለና በቀስታ «የመጨረሻዋንም መስመር አንብቤያታለሁ» አለኝ።

ታይፒስቷ ቀይ የተሰመረበትን ረቂቅ አሳይታው ኖሯል።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልህ?» አልሁት።

«ምን ልበልህ? አንተ እኔን ለማስቀረት ያየኸኝን ያህል፣ ወዶኝ እንኳ ያየኝ ሰው የለም። በል አሁን ተራው የአንተ ነው፤ ስታመለክት ንገረኝ። ስለ አንተ የሚጻፍ አንድ ገጽ አላጣም።»

አውቶቡሱ ሲሄድ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልተጸጸትሁም፤ ቀናሁ። እስከዚያ ቀን በማስተማሩ ነበር የምቀናው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡም ቀናሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም በዚያችው ደካማ ውጤቴ አመለከትሁና ገባሁ። እሱ ከጻፈልኝ ገጽ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልረሳም፦ «የሰውን ሥራ እንደ እሱ አጥርቶ የሚያይ አላጋጠመኝም።» ለምን ብዬ እንዳየሁት ግን አልጻፈም።

ዛሬ ጠዋት የዚያችን ልጅ ቅጽ አወጣሁ። ሠላሳ ተማሪ አስከትላ ወደ ሐይቁ ስትወርድ አይቻታለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬም ቀናሁባት። ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁላት።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። የምትቀኑበትን አንድ ሰው አስቡና ስለ ሥራው ያያችሁትን ብቻ፣ በማስረጃ፣ አንድ ገጽ ጻፉ። ስትጨርሱ ግርጌውን ተመልከቱ፤ አንዲት መስመር ሾልካ ገብታ ይሆናል። ማንም ቀይ እስክሪብቶ ሳያነሣባችሁ፣ ራሳችሁ ሰርዟት።