አባቴ የመረጠልኝ የጆሮ ማዳመጫ

ሐርቡ ከተማ የዘፈንኩበት ሠርግ እሑድ አልቆ ቀኝ ጆሮዬ እስከ ረቡዕ ሲጮህ ሰነበተ። የሠርግ ዘፋኝ ነኝ። ከሞንታርቦ ጎን ቆሞ መዝፈን እንጀራዬ ስለሆነ፣ ለምጄዋለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ኮምቦልቻ ቤታችን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥኑን ከፍ፣ ደግሞ ከፍ ሳደርግ አባቴ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደው። ድምፁን አይሰማም፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ግን ያነባል።

"እኔም እንዲህ ነው የጀመርኩት" አለኝ።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በፋብሪካ የሽመና ማሽኖች መሀል ነው። የጆሮ መድፈኛ ተሰጥቶት ነበር። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ድምፁን ይለውጣል፣ ጆሮዬን ከደፈንኩ በምን አውቃለሁ እያለ ኪሱ ውስጥ ይዞት ኖረ፤ ኪሱ ውስጥ እንዳለም ጡረታ ወጣ። እኔ መዝፈን ስጀምር እሱ መስማት አቁሞ ነበር፤ አንድም ዘፈኔን ሰምቶ አያውቅም። እኔን ይህ ይቆጨኛል። እሱን የሚያስፈራው ግን የእኔ ጆሮ ነው። ወይ ጆሮሽን ዝጊ፣ ወይ ማይኩን አስቀምጪ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ዘፋኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩት ማዳመጫ አለ፤ የውጭውን ጩኸት ይዘጋና የራስን ድምፅ በልኩ ያሰማል። የባንዳችን ቤዝ ተጫዋች ገመድ አልባውን እርሺው፣ ርካሹ ድምፁን አዘግይቶ ነው የሚያደርስልሽ፣ ባለገመዱን ግዢና ከሚክሰሩ ጋር እናገናኘዋለን ብሎ መክሮኝ ነበር። ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ደሴ ወጣን።

ፒያሳ ያገኘነው ባለሱቅ ስለ ውድ ውዱ ዕቃ ሲሰብክ አባቴ አንዱንም አልሰማው፤ አልሃምዱሊላህ፣ የዚያን ቀን አለመስማቱ ጠቀመን። እሱ ገመዱ ከማዳመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍሩ ይፈትሻል። ክር የሚበጠሰው ቋጠሮው አጠገብ ነው ብሎ፣ ገመዱ ተነቅሎ የማይቀየረውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሰጠኝና እያኘክሽ ሞክሪው አለኝ። ባለሱቁ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። አባቴ ግን እውነቱን ነበር። ዘፋኝ አፏን በከፈተች ቁጥር መንጋጋዋ የጆሮዋን ቀዳዳ ያንቀሳቅሰዋል። ውዱ ማዳመጫ ገና ለሁለተኛ ጊዜ ቅሜ ሳኝክ ሹልክ ብሎ ወደቀ። ርካሹ፣ ጫፉ ላይ የሚሰካውን ጎማ በግራ ትንሹን በቀኝ ትልቁን ሳደርግበት፣ ቆሎው እስኪያልቅ ጸና። አባቴ ከኋላዬ ዞሮ አጨበጨበ። እንዳልዞርኩ ሲያይ "ይኼ ነው" አለ።

በእሱ የዘፈንኩበት የመጀመሪያው ሠርግ በከተማችን በኮምቦልቻ ነበር። ሳልጮህ ዘፈንኩ። ድምፄ የት እንደሚሰነጠቅ፣ የት እንደሚያምር ይሰማኝ ነበርና ደስታው አሰከረኝ። በመሀል የሙሽራው አክስት፣ ነጠላ ያጣፉ አሮጊት፣ መጥተው ትከሻዬን ያዙ። ሊስሙኝ መስሎኝ ጉንጬን ሰጠኋቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር አሉኝ፤ የመረቁኝ መሰለኝና ፈገግ ብዬ የራሴን ስንኝ ቀጠልኩ።

በእኛ አገር ሠርግ ታዳሚ "ተቀበይ" ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኟ ትቀበልና በዜማ ታሰማለታለች። ሴትየዋ ይህን ቀን ሳያይ ለሞተው ወንድማቸው፣ ለሙሽራው አባት፣ ግጥም ሰጥተውኝ ኖሯል። ሳልዘፍነው ስቀር ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ድንኳኑ ጭብጨባውን አቆመ፤ ዝምታውን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የባንዱ ልጆች ነገሩን ሲነግሩኝ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

"ግጥሜን ጣልሽው ልጄ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለታዳሚ ሌላ ማይክ እናቁም የሚል ሐሳብ መጣ፤ ግን ግጥም ለሰው እንጂ ለማይክ አይሰጥም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሠርግ ብዙዎች እንደሚያደርጉት አንዱን ነቅዬ ዘፈንኩ። ክፍት የቀረው ቀኝ ጆሮዬ የሁለቱን ጩኸት ችሎ መጣ። አባቴ ገና ስገባ አንገቴን ማዘንበሌን አየና ተቆጣ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ከጅብ ያመለጠ የለም አለኝ። ወይ ጆሮዬን ወይ ሰውን ማጣቴ ነው፣ ሥራውን ልተወው ብዬ አለቀስኩ።

"አብሽሪ፣ በሚቀጥለው አብሬሽ እመጣለሁ" አለ።

ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በድምፅ አያወራም፤ በከንፈርና በጣት ነው። አባቴ ከማሽኖቹ ማዶ ያለ ጓደኛው የሚለውን ከከንፈሩ ያነብ ነበር። የተባለው ሲገባው ጆሮውን በጣቱ ነካ ያደርጋል፤ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ቤታችንም ከልጅነቴ ጀምሮ ንግግራችን እንዲሁ ስለሆነ፣ የእሱን ከንፈር እንደ ፊደል እለየዋለሁ።

እናም ካፖርቱን ለብሶ መጣና ፊት ለፊቴ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ግጥም ያለው ሰው እሱ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ አባቴ ከከንፈሩ ያነብና ድምፅ ሳያወጣ ወደ እኔ ያሻግረዋል። መጀመሪያ ግጥም ለደንቆሮ ተሰጠ እያሉ ቀለዱበት። ስንኙ ሳይዛነፍ ሲዘፈን ግን እሱ ፊት ሰልፍ ተያዘ። የሚናደደው ጢሙን ያበዛ ሰው ሲመጣበት ብቻ ነው።

ባለፈው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስንዘፍን፣ እሱ ፊት ማንም ሳይቆም እጁን አነሣ። ተቀበይ አለኝ። ማን ሰጠው ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ከንፈሩ ቀጠለ፦

ድምፅሽን ባልሰማም ጆሮዬ ቢደፈን፣
ከከንፈርሽ ለቅሜ ሰማሁልሽ ዘፈን።

ባንዱ ሁለት ዙር ጠበቀኝ። ከዚያ እንባዬን ውጬ ተቀበልኩት፤ ታዳሚው ሰጪውን ፍለጋ ዞር ዞር ይላል። አባቴ ዐይኑን ከከንፈሬ ሳይነቅል እስከ መጨረሻዋ ቃል አብሮኝ አለው። ስጨርስ ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገ።