በእህቴ ሰርግ ከሞንታርቦው ላይ የወደቀው ማሽን

ይህ የሆነው ካቻምና በጥር ወር፣ መርሳ ውስጥ፣ በታላቅ እህቴ ሰርግ ቀን ነው። ከአእምሮዬ የማይወጣው፣ የዚያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ ለእህቴ ስላልነገርኳት ነው። በሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ በጽሑፍ ይሻለኛል ብዬ ስማችንን ቀይሬ ጻፍኩት። እህቴን ትርንጎ ልበላት።

እናታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተችው። በእጇ ከሠራቻቸው ነገሮች የቀረን አንድ ነጭ ዳንቴል ብቻ ነበር። በሰርጉ ጠዋት ትርንጎ ከሳጥን አወጣችውና «የእማዬ እጅም ሰርጌ ላይ ይኑር» ብላ ዳሱ ውስጥ የምታነጥፍበት ቦታ ፈለገች። በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ዳንቴል ሳይለብስ አይቀመጥም። ስለዚህ ከአባዬ ወንበር አጠገብ በቆመው ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ላይ አነጠፈችው። የዘፈኑን ሥራ የያዘው የሰፈራችን ልጅ ሰኢድ ደግሞ ከባዱን አምፕሊፋየር አንስቶ ከዳንቴሉ ላይ አስቀመጠው።

«አይንሸራተትም?» ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔን ወገቤን የቆረጠኝን ማሽን፣ ንፋስ የሚወስደው መሰለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ክብደቱን ሳይ እኔም አመንኩት።

አባዬ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ጠጠር ቢወጋቸው እንኳ አይሰማቸውም። የተዘጋ ጫማ ስለሚያቆስላቸው የዚያን ቀንም ያደረጉት ነጠላ ጫማ ነበር። እኔ ምግባቸውን እንድጠብቅ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሙሽራው ወገኖች ከጎረቤት ከተማ ከግራና መጡ። ሰኢድ ድምፁን ከፍ አደረገው። ቤዙ ደረት ይመታል፤ መሬቱ ሳይቀር ይርገበገባል። ሞንታርቦው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዳንቴሉ በለስላሳው እንጨት ላይ እየተንሸራተተ፣ ማሽኑን ይዞ ወደ ጠርዙ ይመጣ ነበር። ሁላችንም የምናየው ጨፋሪዎቹን ነው። ድንገት ማሽኑ ከነዳንቴሉ ወደቀ። ጠርዙ ያረፈው በአባዬ ግራ እግር ላይ ነው።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ከዚያ ከሙሽራው ወገን አንዱ «እናንተ የመርሳ ሰዎች፣ ማሽኑንም አስጨፈራችሁት እኮ» አለ። ዳሱ በሳቅ ሞላ። አባዬም ሳቁ።

እኔ ግን እግራቸውን አይቼዋለሁ። ከጣቶቻቸው መሀል ደም ይወጣ ነበር። ልነሳ ስል የእጄን አንጓ ያዙኝና ጋቢያቸውን እስከ መሬት ዝቅ አደረጉት። ትርንጎ ከተቀመጠችበት ሆና ምን እንደሆነ በእጇ ጠየቀች። ምንም አይደለም ብለው እጃቸውን አወዛወዙላት።

«ዳንቴሉን ያነጠፈችው እሷ ናት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ካየች ዕድሜ ልኳን ‹አባቴን የጎዳሁት እኔ ነኝ› ትላለች።»

«አባዬ፣ ደም እኮ እየፈሰሰዎት ነው።»

«አይሰማኝም። እስክትሄድ ዝም በይልኝ፣ ልጄ።»

ሰኢድ ማሽኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ደሙን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። አባዬ ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ዘፈኑን እንዲከፍት ነገሩት። መሬት ላይ ሳንቃ ጥሎ ማሽኑን አሳረፈበትና ገመዱን ቀጠለ፤ ጭፈራው እንደገና ደመቀ።

እኔ ከወንበሬ ወርጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እጄን በጋቢው ውስጥ አስገብቼ እግራቸውን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ዓይነ አፋርነቴን ስለሚያውቁ ማንም ለምን መሬት ተቀመጥሽ አላለኝም።

የመሸኛው ሰዓት ሲደርስ ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም መጡ። ትርንጎ ጎንበስ ስትል ቬሏ ጋቢውን ነካው። የጋቢውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ነጠላዬ በደም መራሱ በጣቶቼ ይሰማኛል። አባዬ ራሷን ይዘው መረቋት። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። እስከ መኪናው ድረስ ሊሸኟት ይገባ ነበር፤ አልተነሱም። ሰዉ «ልጁን ድሮ ሆዱ ባብቶ ነው፣ ተዉት» አለ።

የሰርገኛው መኪኖች ከዓይን ሲጠፉ «አሁን እንሂድ» አሉኝ። ሰኢድ አዝሎ አወጣቸውና በሚኒባስ ወልድያ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ነጠላውን እየፈታ መቼ እንደተጎዱ ጠየቀ። አባዬ ወደ እኔ እያዩ «ሰርጉ አልቆ ዕቃ ስናነሳ፣ አሁን» አሉ። ሐኪሙ የደረቀውን ደም አየ፤ እኔን አየ፤ አባዬ ያሉትን ካርዱ ላይ ጻፈ። ለእህቴም ለዘመድም የተነገረው ይኸው ነው።

ቁስሉ እምቢ አለ። መጀመሪያ ጣቶቻቸው፣ ቆይቶም እግራቸው ተቆረጠ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ቶሎ ብንወስዳቸው ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ ሐኪም ለመጠየቅ አንድ ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። መልሱን ፈራሁት።

ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው። ሰርግ ቤት ስገባ ከሰው በፊት የማየው ሞንታርቦውን ነው። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ካለ ባለቤቱን ፈልጌ፣ መሬት አውርደው፣ ካልሆነም ከሥሩ ጎማ አድርገህ በቀበቶ እሰረው እለዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት የማፍረው እኔ፣ ይህን ስናገር አላፍርም።

ትርንጎ አባዬ ሲናፍቋት የሰርጓን ቪዲዮ ትከፍታለች። «እዪያቸው እንዴት እንደሚስቁ፤ ያን ቀን እንኳ ደህና ነበሩ» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። ቃላቸውን እየጠበቅኩ ይሁን እህቴን እያታለልኩ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ይህን ደስታዋን ግን በእጄ ልነጥቃት አልችልም።

ቪዲዮው እኔ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። «አንቺ ደግሞ፣ በእኔ ሰርግ እንኳ መሬት ላይ ትደበቂ?»

«አፍሬ ነው» እላታለሁ።