ቀይ ሄልሜት፣ ቢጫ ሄልሜት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጦርነቱ ወልድያ በገባበት ክረምት፣ እዚህ ሀርጌሳ ውስጥ ነው። የዚያን ዓመት ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ አንድ ጓደኛዬን ላጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ የሆነ ነውና።

ጓደኛዬ ሐጎስ ይባላል። እሱ የአዲግራት ልጅ ነው፣ እኔ የወልድያ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሱ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ እኔ ግድግዳ እለስናለሁ። መጀመሪያ የእሱ ቤተሰቦች ስልክ ተቋረጠ፣ በኋላ የእኔም። ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ዝም ብቻ ተባባልን። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ አብሮ መብላትም ቀረ። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ለቆ ወደ አየር ማረፊያው አካባቢ እንደሚሄድ ሰማሁ። የነገረኝም እሱ ራሱ ሳይሆን ባለ ሻይ ቤቱ አብዲ ነው። አብዲ ድሬዳዋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ሲሆን በአማርኛ ወሬ የሚቀድመው የለም።

ዓርብ እዚህ ሥራ የለም። ከሰዓት በኋላ ኳስ ለማየት አብዲ ቤት ገባሁ። ሐጎስ አንዱን ጥግ ይዞ ተቀምጧል። እኔ ሌላውን ያዝኩ።

ኳሱ ገና ስለነበር አብዲ ሪሞቱን ሲነካካ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። አፈር የለበሰ ሞላላ ሜዳና አራት ሞተረኞች። ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የዓለም ሻምፒዮና መሆኑን ከስክሪኑ ላይ አነበብኩ። ተናጋሪው የሚጮኸው ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ ነው።

«ቀይረው» ልል አፌን ስከፍት አራቱ ተፈተለኩ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሞተራቸውን አጋድመው፣ ግራ እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ፣ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ እያየ እነሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ!

«አቦ! ይሄ ሞተር ፍሬን የለውም!» አለ አብዲ ብድግ ብሎ። ድሬ ሳለ ሞተር ይነዳ ስለነበር መሪው ላይ የፍሬን እጀታ አለመኖሩን አይቶ ነው ያወቀው። ሻይ የያዘ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

አንዱ ውድድር አራት ዙር ነው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የልጆቹን ስም ስለማናውቅ በሄልሜታቸው ቀለም ያዝናቸው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ። እኔ ቀዩን አልኩ። ቀዩ አሸነፈ! ከወንበሬ ዘለልኩ።

«ቢጫው ይበላዋል» አለ ከወዲያኛው ጥግ ሐጎስ። ለእኔ ይሁን ለቴሌቪዥኑ አልገባኝም።

«ያ እንቅልፋሙ?» አልኩ እኔም፣ ለቴሌቪዥኑ።

ጥቂት ቆይቶ በሌላ ውድድር ቢጫው ከኋላ ተነስቶ አጥሩን ታክኮ ሦስቱንም አለፋቸው። ሐጎስ ጠረጴዛውን ደበደበው። «መላኩ! ቀይህን አየኸው? በአፈር ለሰኑት እኮ!»

ስሜን ከጠራ ስንት ጊዜው!

«ቆይ አንተ፣ ገና ነው!» አልኩት። ወንበሬን ወደ መሐል ሳብኩ። እሱም ሳበ። አንዱ ኳሱ ተጀምሯል ብሎ ሲያጉረመርም «ማን ኳስ ጠየቀህ!» ብለን እኩል ጮኽንበት።

ከፍጻሜው በፊት ካሜራው ሞተሮቹ ወደሚጠገኑበት ቦታ ገባ። ፊቱን ጠቃጠቆ የሞላው አንድ ልጅ ከሄልሜቱ ላይ ቢጫውን ጨርቅ ገፎ ሰማያዊ አጠለቀ። ቀለሙ ለካ በየውድድሩ የሚቀያየር ሽፋን ነው! ቀጥለው ያሸነፈባቸውን ውድድሮች መልሰው አሳዩን። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ያ የእኔ ቀይ እሱ፣ ያ የሐጎስ ቢጫ እሱ።

አብዲ በሳቅ ወደቀ። «ወላሂ እናንተ ሐበሾች! በአንድ ልጅ ነው ስትሰዳደቡ የዋላችሁት!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሐጎስ አየኝ፣ አየሁት፤ እኛም አላስቻለንም።

ፍጻሜውን ጎን ለጎን ቆመን አየን። ልጃችን ሦስተኛ ሆኖ ተነሳ። በሁለተኛው ዙር አንዱን አለፈ። በመጨረሻው ኩርባ ላይ ከፊት በሚመራው ልጅና በአጥሩ መካከል አንድ ሞተር የምታሾልክ ክፍተት ታየች። «ግባ! ግባ!» እንላለን፤ አብዲ «ቢስሚላህ!» ይላል። ገባ! ጎማው አጥሩን ነካ፣ ተንገዳገደ፣ ተስተካከለ። የሐጎስ እጅ አንገቴን አንቆታል። ልጃችን በግማሽ ጎማ ተቀደመ።

ለማላውቀው ልጅ እንባዬ መጣ።

አብረን ወጣን። ትንሽ እንደሄድን ሐጎስ ወደ እኔ ሳይዞር «እናትህ ደወለች?» አለኝ።

«አልደወለችም። ያንተዋስ?»

«አልደወለችም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ስለ እናቶቻችን አወራን። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሐጎስ ያንኮራፋል። አልሄደም።

ዛሬ ስልኩ ተከፍቷል። ሁለቱም እናቶች ደህና ናቸው። በጦርነቱ ጉዳይ ግን እኔና ሐጎስ አሁንም አንስማማም፤ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታብን እንከራከራለን። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ጩኸቱ አይደለም። ሲጮህብኝ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።