በብርጭቆ ውስጥ የሚያድግ ድንጋይ

በክረምት የዳሞታ ተራራ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጭጋጉ ቁልቁል ወርዶ ሶዶን ይሸፍናታል። ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰውም እዚያው ይጠፋሉ። በዚህ ሰሞን ከጎረቤቴ ከሽታዬ ቤት የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በዓል የታዘዘውን ባለ ደማቅ መስመር የዱንጉዛ ልብስ ትሰፋለች፣ እየሰፋችም ትዘምራለች። እግሯ መርገጫውን የሚመታው በመዝሙሩ ልክ ነው። ደንበኞቿ ፈጠን ያለውን መዝሙር እንድትመርጥ ይለምኗታል።

የአሥር ዓመት ልጇ ሜላት ጥያቄ አያልቅባትም። አባቷ ኤርካሎ ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ሐዋሳ ደርሶ ሲመለስ አንድ ካርቶን ይዞ ገባ።

«ምንድን ነው?» አለችው ሽታዬ።

«የሳይንስ ዕቃ ነው። ልጆች ቤት ውስጥ እየሠሩ ይማሩበታል።»

«ጫማ ነበር ያልኩህ።»

«ጫማ ሁሌም አለ። ይሄ አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር እናትና ልጅ ሥዕሉን እያዩ ሠሩ። ጨው የመሰለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ አሟሙ። ከዱቄቱ ጋር የመጣችውን ደቃቅ የድንጋይ ፍሬ በክር አስረው ብርጭቆው ውስጥ አንጠለጠሉ። ብርጭቆውንም መስኮቱ ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። አይነካም፣ አይነቃነቅም፣ ፍሬዋ እስክታድግ ይጠበቃል።

ሜላት በማግስቱ «እማ፣ ስትሰፊ ውሃው ይንቀጠቀጣል» አለች። ሽታዬ መዝሙሯን አቋርጣ አየች፤ እውነት ነው። ከኤርካሎ ጋር ተጋግዘው የስፌት መኪናውን ወደ በረንዳ አወጡት። ብርጭቆውን ማንሳት አይቀልም ወይ ብላት «እሱማ አይነቃነቅም» አለችኝ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የዝናቡ ፍንጣሪ እያረፈባት በረንዳ ላይ ትሰፋ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ሽታዬ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ፍሬዋ መጀመሪያ ጤፍ ታክል ነበር፣ ቀጥሎ ምስር፣ ከዚያ ባቄላ። ስታድግ ግን አትታይም። ሽታዬ እንደነገረችኝ ብርጭቆውን ስታይ፣ ተኝታ ሳለች ስንት ነገር እንደሚሠራላት ታስባለች፤ የልጇ ቁመት፣ የጓሮዋ እንሰት፣ የቆሰለ ጣቷ መዳን። ለዚህ ሁሉ አንድም ቀን በወጉ አላመሰገነችም። ጭጋጉ መስታወቱን ሲነካው ብርጭቆው፣ ውሃውና ሰማዩ አንድ ይሆኑባታል። ራሷም ውሃው ውስጥ ያለች ይመስላታል።

ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ጸሎት እርሷ ቤት ነው። የሚመሩን እማማ ታንጉት አንድ ሐሙስ ሲገቡ ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ አረፈ። በልጅነታቸው አባታቸው ጠንቋይ የሰጣቸውን ድንጋይ በክር አስረው ደጃፍ ላይ ሰቅለው ነበር። ያ ድንጋይ ይፈውሰዋል ተብሎ የተጠበቀው ታናሽ ወንድማቸው ሞተ። ስለዚህ ነገሩ ለእርሳቸው ጨዋታ አይደለም።

«ሽታዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሜላት ነው፣ እማማ። ትምህርት ነው።»

«ክር፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ያድጋል ደግሞ?»

«ካልነኩት ያድጋል።»

«የኔም ባል እንደሱ ነው፤ ካልነኩት ሆዱ ያድጋል» አለች ከመካከላችን ማኅሌት። ሳቅን። እማማ ታንጉት አልሳቁም።

«ድፊው፣ ልጄ። እዚህ ቤት እየተጸለየ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።»

ሜላት የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሽታዬ እማማ ታንጉትን እምቢ ብላ አታውቅም። «እስከሚመጣው ሐሙስ ይቆይልኝ» አለች። «ከክፉ ከሆነ እግዚአብሔር ራሱ ይጥለዋል። ካልሆነ እንደተንጠለጠለ ይቆያል።»

«እሺ። እርሱ ይፍረድ» አሉ እማማ ታንጉት።

ከሄድን በኋላ ሜላት ቀስ ብላ «እማ፣ ቢወድቅ ክፉ ነገር ሠርቻለሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሽታዬ ያለችው ነገር የገባት ያኔ ነው። ድመት ሊገፋው ይችላል፣ የጭነት መኪናም መሬቱን ያንቀጠቅጣል። እርሷ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ በልጇ ክር ላይ አንጠልጥላለች። «አይደለም» አለቻት፤ ድምፅዋ ግን አነሰባት።

ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ በእርጋታ ኖረ። ኤርካሎ በሩን እንደተኛ ሕፃን ክፍል በቀስታ ይዘጋል። ሽታዬም ሶዶ በሙሉ በአንዲት ቀጭን ክር ውሃ ውስጥ ተንጠልጥላ በሕልሟ አየች።

ሐሙስ ጠዋት ክሩ ባዶውን ነበር። ድንጋዩ ብርጭቆው ሥር ተጋድሟል።

«መልሳችሁ እሰሩት። ማን ያያል?» አለ ኤርካሎ።

ሽታዬ ራሷን ነቀነቀች።

ስንገባ ሁላችንም አየነው። እማማ ታንጉትም አዩት። ሽታዬ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«እማማ፣ ባለፈው ያልኩት ልክ አልነበረም። እግዚአብሔር በኔ ብርጭቆ እንዲናገር አዘዝኩት። ተንጠልጥሎ ቢገኝ ኖሮም ልክ አልነበርኩም። ከፈለጋችሁ ጸሎቱ ሌላ ቤት ይሁን። ልጄ ግን ክፉ አልሠራችም።»

እማማ ታንጉት ወደ ሜላት ዞሩ። «አውጪልኝ።»

ሜላት በማንኪያ አውጥታ፣ በቀሚሷ አድርቃ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃኑ አዩት። ጎኖቹ በቢላዋ የተቆረጡ ያህል ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ውስጡም ጠዋቱን ይዟል።

«ማን ቀረጸው?»

«ማንም። ራሱ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ እማማ።»

«ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ወደቀ?»

«ከበደ። ክሩ አልቻለውም።»

እማማ ታንጉት ድንጋዩን አገላበጡት። «የአባቴ ድንጋይ አላደገም» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላወቅንም። ከዚያ «እንጸልይ» ብለው አንድ እጃቸውን የሜላት ራስ ላይ ጫኑ። ስለ ልጅቷ አእምሮ አመሰገኑ፤ ስለ ዓይኗና ስለ ጣቶቿም። ጸሎታቸው ረዘመ። ሽታዬ ጸሎቱ ሳያልቅ እንባዋን ጠረገች።

ስንበተን ካፊያ ነበር። እማማ ታንጉት ጥላቸውን ዘርግተው የውጭው በር ከደረሱ በኋላ ቆም አሉ፣ ተመለሱም። ሌላኛውን እጃቸውን እስከዚያ ድረስ አልከፈቱትም ነበር። ድንጋዩን ሜላት መዳፍ ላይ አስቀመጡላት።

ሜላት ለእናቷ አቀበለቻት። ሞቆ ነበር።