ሳላይ የፈረምኩት ፈተና

በእስራኤል፣ በአፉላ መሀል ከተማ፣ ከአንድ ባንክ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የጨረሱ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን የልጆች ችሎታ እንዴት እንደሚፈተን አሠለጥናለሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የሰልጣኝን ዘገባ ከመፈረሜ በፊት ፈተናው የተመዘገበበትን ቅጽ አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ያን ሳምንት አላየሁም። ሰልጣኟ ጎበዝ ነበረች፤ ወላጆቿም እንደኔው ከጎንደር የመጡ ናቸው። አመንኳትና ፈረምኩ።

የተፈተነችው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ተጨማሪ የትምህርት ድጋፍ ይገባታል ወይስ አይገባትም ብሎ የሚወስነው ቫዓዳ፣ ማለትም ኮሚቴው፣ ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው አስተማሪዋ ደወለች።

«ዘገባችሁን አነበብኩት» አለች። «ሌላ ልጅ ፈትናችሁ እንዳይሆን?»

ስልኩን ዘግቼ ቅጹን አወጣሁ። ልጅቷ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቀይና ነጭ ኩቦችን ገጣጥማ የተሰጣትን ሥዕል ማስመሰል ነበረባት። ሁሉንም የጨረሰችው ጊዜው ሊያልቅ አንድ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ነው ይላል። አንዱም ሳይቀር። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይሆንም።

ሰልጣኟን ጠርቼ ቅጹን ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ሰዓቱን አቁመሽላታል?»

«አዎ» አለች። «ትንሽ ነበር የቀራት። እኔንም በሷ ዕድሜ ፈትነው ‹አትችልም› ብለው ጽፈውብኛል። እንዴት ብዬ ልጻፍባት?»

«ነገ ቫዓዳው ያንቺን ወረቀት አንብቦ ድጋፍ አያስፈልጋትም ይላል።»

ክው አለች። ይሄን አላሰበችውም ነበር።

«ደግሜ ልፈትናት።»

«አይሆንም። ፈተናውን አንዴ አይታዋለች።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ዝም ማለት አማረኝ። ወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ከዚያ እዚያው ሰልጣኟ ፊት ለቫዓዳው ሰብሳቢ ደወልኩና ቅጹን ሳላይ እንደፈረምኩ ነገርኳት። እሷም ሁሉንም በጽሑፍ እንድልክላት ብቻ አዘዘችኝ።

ከሰዓት በኋላ የልጅቷ እናት ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ አረጋውያንን ነው የምትንከባከበው። ሰልጣኟ እየተንተባተበች የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«አዝነሽላት ነው?» አለች እናትየዋ።

«አዎ።»

«ልጄ የሚያዝንላት ሰው አላጣችም። እኔ አለሁላት። እናንተ ዘንድ ያመጣኋት ምን እንደሚያቅታት እንድትነግሩኝ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

ቅጹን ሳላይ እንደፈረምኩ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ይቅር ማለቷን ግን አልነገረችኝም።

የቫዓዳው ስብሰባ ተራዘመ። ሌላ ባለሙያ ልጅቷን በሌላ ፈተና ፈተናት፤ ድጋፉም ተፈቀደላት። የሰልጣኟ የልምምድ ጊዜ በወራት ተገፋ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ብቻዬን እንዳልፈርም ተከለከልኩ። ሰልጣኟ ለሳምንታት ከሥራ ጉዳይ ውጪ አላናገረችኝም። ሙያውን ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተወችውም።