እናቴ የመረገችው ገመድ

የእናቴ ቤት መቃጠል መጀመሩን ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። ጳጉሜን ነበር፤ ዝናቡ ለግማሽ ቀን ፋታ ሰጥቶ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ቀትር። ደጅ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳጥብ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተኝ። ማድ ቤት ገብቼ አየሁ፤ እሳት የለም። ከቤቱ ጀርባ ስዞር፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ሶላሩን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ መቱ ውስጥ የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠርኩ፤ በዓመቱ ለእናቴ አንድ ፓኔል ይዤላት መጣሁ። ቤታችን ከኡካ ከተማ ወረድ ብሎ ነው፤ የመብራት ምሰሶው እስከ ትምህርት ቤቱ መጥቶ እዚያው ቆሟል። ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ አሰርኩ፣ ገመዱን በውጭ ግድግዳ አወረድኩ፣ በመስኮቱ ጥግ በበሳሁት ቀዳዳ ወደ ባትሪው ላስገባው ስል አጠረኝ። አንድ ቁራጭ ገመድ ነበረኝ። ሁለቱን ከላይ በኩል አጠማዝዤ ቀጠልኩና በናስትሮ ጠቀለልኩት። በራ። እናቴ መረቀችኝ፣ እኔም ወደ መቱ ተመለስኩ።

በዚያው ዓመት መስቀል ሲደርስ እናቴ ቤቷን መረገች። እኛ ጋ ክረምት የላጠው ግድግዳ ለመስቀል በጭቃና በጭድ ይመረጋል፣ ከላዩ እበት፣ ከዚያ ነጭ አፈር ይቀባል፤ ያልመረገች ሴት ወይ ታማለች ወይ ሰንፋለች ትባላለች። በነጩ ግድግዳ ላይ የተጋደመው ጥቁር ገመድ አስጠላት። አብራ መረገችው። በዓመቱም ደገመችው። እኔ ስመጣ አምፖሉ ይበራል፤ የሚበራ አምፖል እያለ ግድግዳ ማን ያያል?

ፀሐይ ማጥፊያ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ፣ ገመዱን ከባትሪው ነቀልኩ፣ ከዚያ ገጀራ ይዤ ምርጊቱን መላጥ ጀመርኩ። እናቴ ከገበያ የደረሰችው ግማሹን ግድግዳ ካራገፍኩት በኋላ ነው።

«አንቺ ልጅ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቤትሽን እያዳንኩ።»

«በገጀራ?»

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። «ለመስቀል ቤት ይመረጋል እንጂ ይላጣል እንዴ? መቱ የሚያስተምሩት ይሄንን ነው?»

«ይምጡና ያሽትቱት፣ እትዬ» አልኳቸው። አልመጡም። ለማሽተት ሳይሆን ለማየት ነበር ብቅ ያሉት።

መቆጣቴ ለቤቱ ብቻ አልነበረም። የሱቁ ባለቤት ጎሬ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍቱ ነበር፤ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ይህን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። ከመቱ በየሳምንቱ መጥቼ አያት ነበር፤ ከጎሬ፣ ያውም ብቻዬን ሱቅ ይዤ፣ አይሆንም። እናቴ ብቻዋን ነች። ከአምና ወዲህ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሰውን በድምፁና በአካሄዱ ነው የምትለየው። ያን ቀጭን ጭስ እሷ አታየውም። ወይ ገመዱ የማያሰጋ ይሆናል፣ ወይ እኔ እቀራለሁ። መቅረት አልፈልግም ነበር። ይህን አልደብቅም።

የተቃጠለውን ክፍል ቆርጬ ጣልኩና ጫፎቹን እንደገና አጠማዝዤ ቀጠልኩ፤ ናስትሮውን አበዛሁበት። ገመዱ ቆርቆሮውን በሚሻገርበት ቦታ የአሮጌ የውኃ ጎማ ቁራጭ ሰንጥቄ አለበስኩት፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ቢላ ይበላዋልና። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይይዝም። በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ፣ ድምፁ ደረቅ ሲል ከጀርባው እንጨት እንዳለ እያወቅሁ፣ እዚያ እዚያ ላይ ክሊፕስ መታሁ። ቀዳዳው ጋ ስደርስ ገመዱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሆድ አበጀሁለት፤ የዝናቡ ውኃ ወደ ቤት ሳይገባ ከዚያ ይንጠባጠባል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጨርሼ ብርድ ልብሱን አነሳሁ።

«ከእንግዲህ በላዩ ጭቃ እንዳይነካው» አልኳት። «ሰው እየዞረ ማየት አለበት። የተላጠ፣ የላላ፣ አይጥ የበላው እንዳለ። እትዬን እለምንልሻለሁ።»

«ማሎ፣ ተይኝ! እሷ ልትፈትሽልኝ? ገመዱን ትታ ድስቴን ነው የምታየው።»

«አንቺ ደግሞ አታዪም።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ይቅርታ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ቀትር ላይ በርጩማ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። የእኛ ሶላር ትንሽ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ሰው አይዝም፤ ስለዚህ አልከለከልኳትም። ከቀዳዳው ጀምራ ገመዱን በመዳፏ እየዳሰሰች ወደ ላይ ሄደች፤ አልደርስ ሲላት በርጩማው ላይ ቆመች። ክሊፕሶቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አደረገች። አንዱ ላልቷል አለችኝ፤ ላልቶ ነበር። ከዚያ ከክፈፉ ሥር ቆመች።

«እዚህ ጋ ይሞቃል።»

«ፀሐይ ነዋ።»

«እዚህ ጋ ጥላ ነው።»

ሄጄ ነካሁት። ከላይና ከታች ቀዝቃዛ ነው፤ ናስትሮ የጠቀለልኩበት ቦታ ብቻ ግን ገና ሻይ እንደተቀዳበት ብርጭቆ ይሞቃል። የተቃጠለውም ቦታ ያው ነበር። ምርጊቱ ሙቀቱን አፍኖ ይዞት ነበር እንጂ ሙቀቱን ያመጣው በደንብ ያልጠበቀው የእኔ ቅጥያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ውስጥ የነበረው የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ በእናቴ ጭቃ ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ለእናቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ግድግዳዬን ለምን ላጥሽው?» አለች።

ቅጥያውን ቆርጬ መቱ ወሰድኩት። የሱቁ ባለቤት መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አገላበጡት።

«ይህን ማን ነው የቀጠለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሹሩባ መስሎሽ ነው የጎነጎንሽው?»

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጎሬን ይነጥቁኛል ብዬ ነበር፤ አልነጠቁኝም። ከጣሪያ እስከ ባትሪ የሚደርስ አንድ ወጥ ገመድ ለክተው ሰጡኝ፤ ደንበኛ ፊት ሹሩባ እንዳልጎነጉን አስጠንቅቀው ሸኙኝ። ተመልሼ አሮጌውን አውርጄ አዲሱን በዚያው መስመር አሰርኩ። በማግስቱ ቀትር እናቴ ዳሰሰችው። ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነው አለች።

ለመስቀል አብረን መረግን። እሷ በገመዱ ግራና ቀኝ አውራ ጣቷን እያስቀመጠች ለካች፤ ከዚያ መለስ ያለውን ጭቃ አላስነካችውም። በነጩ ግድግዳ ላይ አንድ ቡናማ መስመር ቀረ። አስቀያሚ ነው፤ እኔም አልወደድኩትም።

«ቤትሽ የደም ሥር አወጣ» አሉ እትዬ ከአጥሩ ማዶ።

«አዎ። የአንቺ ቤት ትኩሳት እንዳለበት በምን ታውቂያለሽ?» አለች እናቴ።

የእትዬም ሶላር ገመድ ተመርጎ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተው እናቴን በእጇ ይዘው ወሰዷት፤ ግድግዳውን ስትዳስስ ምርጊቱ በአንድ ቦታ ለብ ብሎ አገኘችው። ያን ቀን ገጀራውን ያነሱት እሳቸው ናቸው።

እኔ በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድኩ። አሁን ጎሬ ነኝ፤ ሱቁ ኮረብታው አናት ላይ ነው፣ ኔትወርክ አያስቸግርም። ፀሐይ በወጣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።

«ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«እሺ?»

«ቀዝቃዛ ነው። ሥራሽን ሥሪ» ትልና ትዘጋዋለች።